«የኛ ከንቲባ» እና የሳክራሜንቶ ወንበር

ሐምሌ 2024 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው ሰፈራችን ስምንት ሆነን ቡና ይዘናል። የቀድሞው የከተማዋ ከንቲባ አንቶኒዮ ቪያራይጎሳ ለካሊፎርኒያ አገረ ገዥነት እንደገና እወዳደራለሁ ያለበት ሰሞን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና «በቃ፣ አሁንስ ተራው የኛ ከንቲባ ነው» አለ።

ከሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ጎረቤት ከኦክላንድ ሊጠይቀን የመጣ ወዳጄ ሳቀበት። «እናንተ ከንቲባ እንጂ አገረ ገዥ አታወጡም» አለው።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ተቀወጠ። ሰሜንና ደቡብ ተነሳ። የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስና የሳን ፍራንሲስኮው ጃይንትስ ተነሳ። ከስምንታችን አንድ የቤዝቦል ጨዋታ ተቀምጦ የጨረሰ ያለ አይመስለኝም፤ ግን ሁሉም ተሰልፎ ነበር።

ወዳጄ ግን ልክ ነው። የሎስ አንጀለስ ከንቲባ ሆኖ ቆይቶ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ የሆነ ሰው የለም። አንድም። ሳም ዮርቲ በ1966ም በ1970ም ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ የራሱ ፓርቲ መራጮች ጣሉት። ቶም ብራድሊ በ1982 እና በ1986 መጨረሻው ዙር ድረስ ዘልቆ ተሸነፈ። ሪቻርድ ሪዮርዳን በ2002 የሪፐብሊካኖችን የውስጥ ምርጫ ሳያልፍ ቀረ። ቪያራይጎሳ ራሱ በ2018 ሦስተኛ ወጣ።

ሳን ፍራንሲስኮን እዩ ደግሞ። የሕዝቧ ቁጥር የሎስ አንጀለስን ሩብ አይሞላም። ግን በ1930 ከንቲባዋ ጄምስ ሮልፍ አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። በ2018 ደግሞ ጋቪን ኒውሰም። ዳያን ፋይንስታይን በ1990 ለገዥነት ተወዳድራ ብትሸነፍም ከሁለት ዓመት በኋላ ሴናተርነቱን አሸነፈች፤ እስክትሞትም ከወንበሩ አልወረደችም።

እዚህ ኤልኤ (ሎስ አንጀለስን በአጭሩ የምንጠራው እንዲህ ነው) የተለመደው መልስ «ሰሜኖቹ አይወዱንም» ነው። ውሸት አይደለም። የውሃ ቂም አለ። ሎስ አንጀለስ በ1913 ከኦወንስ ሸለቆ በረጅም ቦይ ውሃ ስታመጣ ሸለቆው ደረቀ፤ ያ ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። በሰኔ 1982 ደግሞ የሰሜኑን ወንዝ ውሃ ዴልታውን (ወንዙ ተበታትኖ ወደ ባሕር የሚገባበትን ረግረግ) አዙሮ ወደ ደቡብ የሚያወርድ ቦይ ይሠራ ወይስ አይሠራ ተብሎ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። አንዳንድ የሰሜን ካውንቲዎች (አውራጃዎች በሏቸው) ውስጥ ከመቶ ዘጠናው በላይ «አይሆንም» አለ። ቦዩ ወደቀ። ከአምስት ወር በኋላ የሎስ አንጀለስ ከንቲባ ለገዥነት ቀረበ። ጊዜው ጥሩ አልነበረም።

ግን ነገሩ ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደቡብ ጭራሽ አገረ ገዥ ባላገኘ ነበር። ሬገን የደቡብ ሰው ነው። ሽዋርዘኔገር የደቡብ ሰው ነው። በ1990 ፋይንስታይንን ያሸነፋት ፒት ዊልሰን ከንቲባ የነበረው የት ነው? ሳንዲዬጎ፣ ከኤልኤም የባሰ ደቡብ። ብራድሊን ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ጆርጅ ዱክሜጂያንስ? የሎንግ ቢች ሰው፤ ሎንግ ቢች ደግሞ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ ናት። ጎረቤቱ ነው ያሸነፈው።

ብራድሊ ላይ ትንሽ ልቆይ። በአውሮፕላን ከውጭ ኤልኤ የገባ ሐበሻ ሁሉ ሰውዬውን ባያውቀውም በስሙ ስር ሳያልፍ አልቀረም። ዓለም አቀፉ ተርሚናል የቶም ብራድሊ ነው። ሻንጣ ሙሉ በርበሬና ሽሮ ይዘን፣ ጉምሩኩ ምን ይለን ይሆን እያልን ስንወጣ፣ በስሙ የተጠራውን በር ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል፤ የሱ ከበርበሬያችንም በላይ ተሰቅሏል።

ቴክሳስ ውስጥ የሰው መሬት በእርቦ ከሚያርሱ ጥቁር ወላጆች ተወለደ። ሎስ አንጀለስ መጥቶ 21 ዓመት ፖሊስ ሆኖ ሠራ። በ1973 የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆነ፤ ለ20 ዓመት ቆየ። በ1982 የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ያሸንፋል አሉ። ማታ ከምርጫ ጣቢያ የወጡ መራጮችን ጠይቀው «አሸንፏል» ያሉም ነበሩ። ሲነጋ ወደ 93 ሺህ በሚሆን ድምፅ ተሸንፎ ተገኘ። ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው መርጦ! የዕለቱን ድምፅ አሸንፎ ነበር፤ የጣለው ሪፐብሊካኖቹ አስቀድመው በፖስታ ያሰባሰቡት ነው። በዚያው ቀን ሽጉጥ የሚገድብ ሕግ ለድምፅ ስለቀረበ ከገጠሩና ከማዕከላዊው ሸለቆ ሽጉጡን የሚወድ ሁሉ ነቅሎ ወጣ። ብራድሊ ደግሞ ሕጉን ደግፎ ነበር። ቀለሙም አለ፤ ለጠያቂ «እሱን ነው የምመርጠው» ብለው መጋረጃው ጀርባ ሲገቡ ሐሳባቸውን የለወጡ አሉ ተብሎ፣ ነገሩ እስከ ዛሬ በፖለቲካ መጻሕፍት በስሙ ይጠራል። እነዚህ ሁሉ ባሉበት ልዩነቱ 93 ሺህ ብቻ ነው። እና እኔን የሚያስቆጨኝ ሰሜኑ አይደለም። ሎስ አንጀለስ የሚያህል ከተማ ይዞ 93 ሺህ ሰው ከቤቱ ማስወጣት እንዴት ያቅታል?

ያቅታል፤ ለምን መሰላችሁ፣ «ሎስ አንጀለስ» የምንለው ነገር አንድ ከተማ አይደለም። ፌርፋክስ ላይ ቡናችሁን ጨርሳችሁ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ወደ ምዕራብ ንዱ። ቤቨርሊ ሂልስ ናችሁ። ሌላ ከንቲባ፣ ሌላ ፖሊስ፣ የመንገዱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ሳይቀር ሌላ ነው። ወደ ሰሜን ንዱ፣ ዌስት ሆሊውድ። ካውንቲው ውስጥ እንዲህ ያሉ 88 ከተሞች አሉ። ወደ 10 ሚሊዮን ሰው ሲኖርበት ከንቲባው የሚመራው አራት ሚሊዮን የማይሞላውን ነው።

የሚመራውንም ምኑን ነው የሚመራው? የሕዝብ ሆስፒታሉ የካውንቲው ነው። የአእምሮ ሕክምናው የካውንቲው ነው። የድጎማ ገንዘቡም እንደዚያው። ካውንቲውን የሚመሩት አምስት ሱፐርቫይዘሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ወደ ሁለት ሚሊዮን ሰው ይወክላሉ፤ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ግን ካገኛችሁ ቡና በኔ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የራሱ የተመረጠ ቦርድ አለው። ቪያራይጎሳ በ2006 ትምህርት ቤቶቹን እጁ ሊያስገባ ሞክሮ ነበር፤ የካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ያለው ምክር ቤት ሕግ አወጣለት፤ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ስለዚህ ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው ሲበዛ ከንቲባው ይሰደባል። መንገዱ የሱ ነውና። ሰውዬውን የሚያክመው ክፍል ግን የሱ አይደለም።

ሳን ፍራንሲስኮ ከ1856 ጀምሮ ከተማውም ካውንቲውም አንድ ነው። ከንቲባው ጤናውንም ይይዛል። ኒውሰም ኢንሹራንስ የሌለውን ነዋሪ ሁሉ የሚያሳክም ፕሮግራም በ2007 ሲጀምር የሚለምነው ሌላ የካውንቲ አስተዳደር አልነበረም። ለገዥነት ሲወዳደር «ይኸው የሠራሁት» የሚለው ነገር ነበረው። የኤልኤው ከንቲባ ግን «ብዬ ነበር፣ አሳስቤ ነበር፣ ከካውንቲው ጋር ተነጋግሬ ነበር» ነው። በዚህ ማን ይመረጣል?

ሌላው የከተማችን ጠባይ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ጠባብ ናት፤ ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ይገናኛል፣ ይጣላል፣ ይደራጃል። ዊሊ ብራውን የሚባለው ከንቲባ ወጣቱን ኒውሰምን በ1997 የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ውስጥ አስቀመጠው። ዕድር በሉት። ልጅ ያሳድጋሉ፣ ለወንበር ያበቃሉ። እኛ ከመኪና ወርደን ቤት፣ ከቤት ወጥተን መኪና ነን። በ2013 አዲስ ከንቲባ ስንመርጥ ከአራት የተመዘገበ መራጭ አንዱ እንኳ አልወጣም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ሚሊዮን መራጭ አለኝ ብሎ የተነሳ ከንቲባ ወተቷን አያያትም።

የ2018ቱን ውጤት ሳይ ይሄ ነው የሚመጣብኝ። በዚያ ቀን በካውንቲው ወደ 118 ሺህ የሚሆን መራጭ ስሙ በስህተት ከምርጫ ጣቢያዎቹ ዝርዝር ሳይታተም ቀርቶ ነበር፤ ቪያራይጎሳ ጮኸበት፤ መጮህም ነበረበት። ግን ቆጠራው ሲያልቅ ኒውሰም ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥም በልጦት ተገኘ። በራሱ ሜዳ። ሰሜኑ ምን ያድርገው?

ሰው በአፉ የሚወድቅበትም ጊዜ አለ፣ እሱን አልክድም። የኒው ዮርኩ ኤድ ኮች በ1982 ለገዥነት ሊወዳደር ሲል፣ የከተማ ዳር ኑሮ ፍሬ ቢስ ነው፣ ገጠሩም ልብስ ለመግዛት ሃያ ማይል በፒክአፕ የሚነዳበት አገር ነው ብሎ ለመጽሔት ተናገረ። ገጠሩ አልረሳለትም፤ ማሪዮ ኮሞ አሸነፈው። የኛዎቹ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንኳ አላሉም። ዝም ብለው ነው የተሸነፉት።

ነገሩ እየተለወጠ ይሆናል። ለሠላሳ ዓመት ግድም የካሊፎርኒያ ሴናተሮች ሰሜኖች ነበሩ፤ በ2021 የኤልኤው አሌክስ ፓዲያ ገባ፣ አዳም ሺፍም ከዚሁ ከኛ አካባቢ ተከተለ። የሱፐርቫይዘሮቹም ቁጥር ከአምስት ወደ ዘጠኝ እንዲያድግ በ2024 ሕዝቡ ወስኗል። ግን ሁለቱም ሴናተሮች ከንቲባ ሆነው እንደማያውቁ ልብ በሉ።

ወደ ቡናችን ልመለስ። ጭቅጭቁ ሲበርድ የኦክላንዱ ወዳጄ ተረጋግቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ባለፈው የከንቲባ ምርጫ የመረጣችሁ እጅ አውጡ።» ሁለት እጅ ወጣ። አንዱ የኔ ነው፤ ስለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የምዘባርቀው። «የኛ ከንቲባ» ያለው ልጅ እጁን አላወጣም። ወዳጄ «አንተስ?» አለው።

«እኔ መርጫለሁ፤ ግን ወረቀቱ ላይ የከንቲባዋ ስም አልነበረም» አለ ግራ ገብቶት።

ለካ ኢንግልውድ ነው የሚኖረው። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ከንቲባ።