ሲሮጡ የታጠቁት

በኦገስት 2025 የመጨረሻው እሑድ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት አራት ሆነን ተቀምጠናል። አቦል ጠጥተን ቶና እየጠበቅን ነው። የያዝነው ወሬ ቤዝቦል ነበር። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የቆየ ሐበሻ ቤዝቦል ባይወድ እንኳ የከተማውን ቡድን ናሽናልስን ያውቃል። ታክሲ የሚነዳው ተመልካቹን ያመላልሳል። ፓርኪንግ የሚሠራው መኪናውን ይረከባል። ቡድኑ ያሸነፈ ማታ ቲፑ ራሱ ይለያል።

ከአራታችን ትልቁ ፓርኪንግ የሚሠሩ አባት ናቸው። ስታዲየሙ በ2008 ሲከፈት አጠገቡ ሥራ ጀመሩ፤ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። ገብተው ያዩት ጨዋታ ጥቂት ነው። የሚከታተሉት በሬዲዮ ነው። ሆም ረን ሲመታ፣ ማለት ኳሷ ከአጥሩ ውጭ ስትወጣ፣ ግን ሬዲዮው ሳይናገር በጩኸቱ ያውቁታል። ልጅ ሳሉ ጎጃም ቅኔ ቤት ነበሩ፤ ተረትና ምሳሌ አያልቅባቸውም። የዚያን ቀን ግን አንዱን ብቻ ይዘው ዋሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ነገሩን የጫረው ኡበር የሚነዳው ወጣት ነው። ናሽናልስ በ2025 አዲስ ተጫዋች ከሁሉም ቡድን በፊት የመምረጥ ዕድል ደርሶት ነበር። በጁላይ ኢላይ ዊሊትስ የሚባል የኦክላሆማ ልጅ መረጠ። ልጁ ያን ጊዜ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ወጣታችን ቪዲዮውን ስልኩ ላይ ሲያይ ሰንብቷል።

«በሚቀጥለው ዓመት ዋናው ቡድን መግባት አለበት» አለ። «ምን ይጠበቃል? ችሎታው ይታያል እኮ!»

አባት ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አሁን የት ነው ያስገቡት?»

«ፍሬድሪክስበርግ።»

«በል፣ ፍሬድሪክስበርግ ንባብ ቤት ነው። ልጁ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው።»

አብራን ያለችው ነርስ አልገባትም። ልጇ ቤዝቦል ስለሚወድ ነው እንጂ እሷ ስለ ማይነር ሊግ፣ ልጆቹ ከዋናው ቡድን በታች ስለሚያድጉባቸው ቡድኖች፣ ሰምታ አታውቅም። አባት ዞረው አስረዷት። «ከፍሬድሪክስበርግ ያለፈው ዊልሚንግተን ይሄዳል። እሱን ዜማ ቤት በይው። ቀጥሎ ሃሪስበርግ አለ፤ ቅኔ ቤት ማለት ነው። ሮቼስተር ደግሞ መጻሕፍት ቤት። እዚህ የሚመጣው ያን ሁሉ ሲጨርስ ነው።» አሜሪካ ስኖር የማይነር ሊግን ነገር እንዲህ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ወደ ወጣቱ ተመለሱ። «ጉባኤ ቃና ሳይቆጥር መወድስ ዝረፍ ልትለው ነው?» ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት። መወድስ ስምንት ነው። በመካከላቸው ስንት ሌሊት እንዳለ የሚያውቀው የተማረው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አለ ወጣቱ። «ሁዋን ሶቶስ?»

የናሽናልስን የቀድሞ ኮከብ ሶቶን እንደሚያመጣ አውቀን ነበር። ለመቸኮል የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ሶቶን ነው። እውነት ነው፣ ሶቶ 2018ን የጀመረው ከታች፣ ሃገርስታውን ነበር። ሃሪስበርግ ላይ 8 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ሜይ 20 ዋናው ቡድን ገባ። ዕድሜው 19 ነበር። በማግስቱ ከመጀመሪያው ሲያሰልፉት የመጀመሪያዋን ኳስ ሆም ረን መታት። ወጣቱ ይሄን ሲናገር ድምፁ ቡና ቤቱን ሞላው። ያልተናገረው ግን አለ። ሶቶ በተጠራበት ዋዜማ ሆዊ ኬንድሪክ የሚባለው ተጫዋች የተረከዙ ጅማት ተጎድቶበት ነበር። ቡድኑ ሰው አጥቶ ነው ልጁን የጠራው። ደግሞም ሶቶ በ16 ዓመቱ ፈርሞ ወደ ሦስት ዓመት ሲማር የቆየ ልጅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሶቶ ራሱ ችኩል አይደለም። ዱላ ይዞ ሲቆም የማትመታዋን ኳስ ይተዋታል። እኔ ይሄን አነሳሁ። ነርሷም «ታዲያ ማን እንደበሰለ በምን ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልማዮቹ ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 50 መካከለኛ ነው። ምቱን፣ ጉልበቱን፣ ሩጫውን፣ ቅለባውን፣ ውርወራውን ለየብቻ ያያሉ። ነጥቡ ግን ልጁ ምን እንዳለው ነው የሚናገረው። መቼ እንደሚደርስ አይናገርም። መድረሱን ለማወቅ ስንቴ ስትራይክ አውት እንደሆነ፣ ማለት ኳሷን ሳይመታ እንደወጣ፣ ስንቴስ ታግሶ በነፃ ቤዝ እንደያዘ ማየት ያስፈልጋል። ዕድሜውንም ከሚገጥሙት ልጆች ዕድሜ ጋር ማስተያየት ነው። ወንፊቱ ያለው ደግሞ ደብል ኤ በሚባለው እርከን፣ ሃሪስበርግ ላይ ነው። ከዚያ በታች ያሉት ወርዋሪዎች ጉልበት አላቸው፤ ኳሷን ግን የፈለጉበት አያሳርፏትም። ሃሪስበርግ ያሉት የምትጠመዘዘዋን ኳስ መቺው ባልጠበቃት ሰዓት ይለቋታል።

የናሽናልሱን ዲላን ክሩስን አስቡት። በ2023 ከአገሩ ሁሉ ሁለተኛ ሆኖ ተመረጠ። ፍሬድሪክስበርግ ላይ 14 ጨዋታ ሲቀጠቅጣቸው ዋለ። ዊልሚንግተንን ዘለለና ሃሪስበርግ ወሰዱት። ዱላው እዚያ ዝም አለ። በኦገስት 2024 ዋናው ቡድን አስገቡት፤ ያን እሑድም ገና ሚዛኑን እየፈለገ ነበር። አባት አንገታቸውን ነቀነቁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ብራይስ ሃርፐርም እኮ እዚሁ ናሽናልስ በ19 ዓመቱ ነው የገባው!» አለ ወጣቱ።

«ቡድኑ እዚህ ከተማ ከገባ 20 ዓመቱ ነው» አሉት። «ሁለት ስም ነገርከኝ። ሌላ ጨምር።»

ሌላ አልነበረውም። ስልኩን መነካካት ጀመረ።

እኔ ግን ሩቅ ሳልሄድ አንድ ነበረኝ። ባልቲሞር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ጃክሰን ሆሊዴይ በ2022 ከአገሩ አንደኛ ሆኖ የተመረጠ ነው፤ አባቱም ስመ ጥር ተጫዋች ነበር። ኤፕሪል 2024 በ20 ዓመቱ ዋናው ቡድን ጠራው። የባልቲሞር ስታዲየም፣ ካምደን ያርድስ፣ ቆሞ አጨበጨበለት። በ34 ሙከራ ሁለቴ ብቻ መታ። 18 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነ። 10 ጨዋታ እንዳደረገ ወደ ታችኛው ቡድን፣ ወደ ኖርፎክ መለሱት። በቴሌቪዥን ፊቱን አይቼው ነበር፤ ከክፍል ውጣ የተባለ ተማሪ ይመስል ነበር። ጁላይ 31 ሲመለስ ሦስት ሰው ቤዝ ላይ ቆሞ ሳለ ሆም ረን መታ።

«ይኸው መታ አይደል?» አለ ወጣቱ፣ ደስ ብሎት።

«ኖርፎክ ሦስት ወር ተቀምጦ ታጠቀና ነዋ!» አሉ አባት። «የመጀመሪያው ሲሮጥ የታጠቀው ነው። እሱማ ተፈታ።»

ወጣቱ አሁን ወደ ገንዘብ ዞረ። ክርክር ሲያልቅበት ወደ ገንዘብ መዞር ልማዱ ነው። እንደ ፍሬድሪክስበርግ ባለ ሲንግል ኤ በሚባል እርከን ያለ ልጅ በዓመት ትንሹ ክፍያው በ2023 ውል 26,200 ዶላር ነበር። ዋናው ሊግ ግን በ2025 760,000 ነበር። «ስንቱን በድህነት ያስቀምጡታል?» አለ። ቡድኖች ልጅ የሚያቆዩት ለራሳቸው ጥቅም ነው ብሎም የቺካጎውን ቡድን ካብስን ጠቀሰ። ካብስ በ2015 ክሪስ ብራያንትን ጥቂት ቀን አቆይቶ፣ የዓመቱ አገልግሎት በአንዲት ቀን እንዲጎድል አደረገ። በዚያች አንድ ቀን ምክንያት ልጁ ወደ ፈለገው ቡድን ለመሄድ ነፃ የሚወጣበት ጊዜ በዓመት ተገፋ። ይሄ ስስት ነው፤ እኔም አወግዘዋለሁ። ግን ብራያንት በስሎ ነበር። የኛ ክርክር ስላልበሰለ ልጅ ነው። ዊሊትስም ቢሆን በ8.2 ሚሊዮን ዶላር የፈረመ ልጅ ነው። የሚበላው አያጣም።

ከዚያ አባት ጄምስ ዉድን አነሱ። እኔም ስጠብቀው የነበረው ይሄ ነው። ሶቶን በ2022 ለሳንዲያጎ ሲሰጡ ያመጡት ልጅ ነው። እዚሁ ሜሪላንድ ነው ያደገው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ነው። ፍሬድሪክስበርግን ረገጠ። ዊልሚንግተንን ረገጠ። ሃሪስበርግና ሮቼስተርም ቆየ። ጁላይ 1 ቀን 2024 ሲጠራ 21 ዓመቱ ነበር። በ2025 ለኦል ስታር፣ ለኮከቦቹ ጨዋታ፣ ተመረጠ። የመጣ ቀን አባት ከፓርኪንጋቸው ጩኸቱን ሰምተዋል። «ያ ልጅ ቆሞ ነው የታጠቀው» አሉ።

ወጣቱ «እርስዎ አንድ ተረት ይዘው ሁሉንም ያሸንፋሉ» ብሎ ሳቀ። ተረቱን ደገመው፤ ሲሮጡ የታጠቁት፣ አለና ትከሻውን ነቀነቀ። ሳቁ ግን መልስ አልሆነም።

እኔ ከአባት ጋር ነኝ። ናሽናልስ ከ2019 ዋንጫ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ከሽንፈቱ በላይ ያሸነፈበት አንድ ዓመት የለም። ሥራ አስኪያጁንም አሠልጣኙንም በጁላይ 2025 አሰናብተዋል። አዲስ የሚመጣው ሰው ቶሎ ውጤት አሳይ ይባላል። ቶሎ የሚታየው ደግሞ የልጅ ፊት ነው። የምፈራው ይሄን ነው።

ይሄ ችኮላ የቤዝቦል ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ። ልጄ 4ኛ ክፍል ሳለ በሂሳብ አንድ ክፍል እንዲያዘልሉልኝ ትምህርት ቤቱን ለመንኩ። የጓደኞቼ ልጆች ዘልለው ነበርና። እሺ አሉኝ። ክፍልፋይ መቻሉን የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። 7ኛ ክፍል አልጀብራ ሲመጣ ልጁ ማታ ማታ ደብተሩ ላይ ያለቅስ ጀመር። ዛሬ ሂሳብ ሲባል ፊቱን ያዞራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይሄን ተረት ያን ጊዜ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አገር ቤትም ያው ነው። ለዓመታት ልጆችን ከክፍል ክፍል አሳለፍናቸው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል የሚወድቅ የለም ተባለ። ከዚያ ወዲያስ ማን አጣራ? የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ሆኑ። ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ልጅ ነው የተፈተነው። ሰው ሁሉ በልጆቹ ተሳለቀ። እኔ ግን ልጆቹን አልወቅስም። በየዓመቱ «አልፏል» ብለን የፈረምነው እኛ ነን። አዋቂውም ሳይሠራ አለቃ፣ ሳይማር ዶክተር መባል ይፈልጋል። በስድስት ወር ይህን ትሆናለህ የሚል ማስታወቂያ ስልካችንን ሞልቶታል። ንባብ ቤት መቀመጥ እንደ ውርደት ተቆጥሯል።

አባት ሰዓታቸውን አዩና በረካውን ቆመው ጠጡ። ማታ ፈረቃ ነበራቸው። ወጣቱ «ላድርስዎት» ብሎ ቁልፉን አነሳ። በር ላይም ስለ ዊሊትስ ሲከራከሩ ይሰማኝ ነበር። ያ ልጅ እኮ ያን ጊዜ 18 እንኳ አልሞላውም ነበር። እኔም በልቤ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ፍሬድሪክስበርግ ይተዉት አልኩ። ይብላ፣ ይተኛ፣ ኳሱን ይምታ።