ኮታው በነፃ ለምን ይታደላል?

ዓሣ መረብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ባለቤት የለውም። የዓሣ ማስገር ኢኮኖሚ ጣጣው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። አንዱ አስጋሪ «ገና ትንሽ ነው፤ ይደግ» ብሎ ቢመልሰው ሌላው በማግስቱ ያወጣዋል። ስለዚህ አይመልሰውም። ካናዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ስኮት ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ውሃ ላይ ትርፉ ተሟጦ እስኪያልቅ ድረስ በጀልባ ላይ ጀልባ ይጨመራል።

መንግሥታት ከያዟቸው መላዎች አንዱ ወቅቱን ማሳጠር ነበር። መጨረሻው በአላስካ ታይቷል። ሃሊቡት የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ የሚያዝበት ወቅት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በዋና ዋናዎቹ ቀጠናዎች፣ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለ24 ሰዓት ብቻ የሚከፈት ሆኖ ነበር። ማዕበል ኖረም አልኖረም ሁሉም በዚያች ቀን ይወጣል። ጀልባው ከአቅሙ በላይ ይጫናል። ሰዓቱ የደረሰበት ሰው ባለ መንጠቆ ገመዱን ቆርጦ ይመለሳል፤ የተጣለው መንጠቆ ባሕሩ ወለል ላይ ማንም የማይበላውን ዓሣ መያዙን ይቀጥላል። ምርቱ በአንድ ጊዜ ወደብ ላይ ስለሚራገፍ አብዛኛው በረዶ ሆኖ ይሸጣል።

በ1995 ለየጀልባው ባለቤት የግል ኮታ፣ ማለትም ከዓመቱ ጠቅላላ ምርት የተወሰነ ድርሻ የማስገር መብት፣ ሲደለደል ወቅቱ ስምንት ወር ገደማ ሆነ። ድርሻው የተጠበቀለት ሰው ለምን ይሽቀዳደማል? አየሩ እስኪረጋ ይጠብቃል፤ ዋጋው ሲሻል ይወጣል። ኮታን የምደግፈው ለዚህ ነው። በእርግጥ የጠቅላላው ምርት ጣሪያ ከልክ በላይ ከፍ ተደርጎ ከተወሰነ ኮታም አያድንም፤ በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ኮድ የተባለውን ዓሣ ማስገር በ1992 ሲዘጋ አገሪቱ ኮታ ነበራት።

ቅሬታዬ በአሰጣጡ ላይ ነው። አይስላንድ በ1984 የኮድ ኮታ ስትደለድል መለኪያዋ ያለፉት ሦስት ዓመታት ምርት ነበር፤ ያውም ያለ ክፍያ። ቆይቶ ኮታው እንደ ቤት የሚሸጥ የሚለወጥ ሆነ። ትልልቅ ኩባንያዎች ገዝተው ሰበሰቡት፤ አንዳንዱ የባሕር ዳርቻ መንደር ባዶ ወደቡን ታቅፎ ቀረ። የአገሪቱ ሕግ ግን የዓሣ ሀብቱ የሕዝብ የጋራ ንብረት መሆኑን በግልጽ ይደነግጋል። እንግዲያው ተጠቃሚው ኪራይ ይክፈል፤ ኮታውም የጊዜ ገደብ ይኑረው። አይስላንድ ከ2004 ጀምሮ ክፍያ ትሰበስባለች፤ ኩባንያዎቹም በዛብን እያሉ ይከራከራሉ። እነዚሁ ኩባንያዎች ከሌላ ኩባንያ ኮታ ሲገዙ ወይም ሲከራዩ ግን ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይከፍላሉ። ለተፎካካሪ የሚከፈል ገንዘብ ካለ፣ ለባለቤቱ ለሕዝቡ ሲሆን የሚጠፋው በምን ሂሳብ ነው?

ከቅሬታ አቅራቢዎቹ ኮታውን ዘግይተው በገንዘባቸው የገዙት ብቻ እውነት አላቸው፤ አንድ ጊዜ ከፍለውበታልና። ለእነርሱ የጥቂት ዓመታት መሸጋገሪያ ቢሰጥ አልቃወምም። በነፃ ለወሰደው ግን ይህ ምክንያት አይሠራም።