እርማት፦ «ከ40 በኋላ አእምሮ አይቀበልም» ስለሚባለው

ወዳጄ፣ ዕድሜ ልክ መማርን እንደ መንፈሳዊ ልምምድ ማየትህ ደስ ብሎኛል። «ከ40 በኋላ ግን አእምሮ አዲስ ነገር አይቀበልም፤ የቀረው የሚያውቁትን ማሰላሰል ነው» ያልከው ግን ልክ አይደለም። በሰፊው ስለሚወራ አልፈርድብህም።

በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የጀርመን ጥናት አለ። 60 ዓመት አካባቢ ያሉ ሰዎች ሦስት ኳስ እያፈራረቁ ወደ ላይ መወርወርና መቅለብ ተማሩ። ከሦስት ወር ልምምድ በኋላ አንጎላቸው በምስል ሲታይ ለውጥ ነበረው፤ ከትውስታ ጋር የተያያዘው ሂፖካምፐስ ሳይቀር። ልምምዱን ሲያቆሙ ለውጡ ተመልሶ ጠፋ። እኔን የገረመኝ ይሄኛው ነው። ጸሎትም ሲተዉት እንደዚያው አይደል?

እርግጥ ፍጥነት ይቀንሳል። ከወጣቶች ጋር ሲነጻጸሩ በደንብ የቻሉት ጥቂቶች ነበሩ። የቃላት እውቀት ግን ብዙ ጊዜ እስከ 60ዎቹ ያድጋል።

«አነባለሁ፣ ግን አይያዝልኝም» ላልከው ደግሞ ዕድሜህን አትውቀስ፤ አነባበብህን ቀይር። አንድ አንቀጽ አንብብ። መጽሐፉን ክደን። የያዝከውን ድምፅ አውጥተህ ተናገር፤ ያመለጠህን ብቻ ተመልሰህ እይ። በማግስቱ ሳታይ ሞክረው። አሥር ጊዜ ደጋግሞ ከማንበብ ይሄ በብዙ ይሻላል፤ ለጸሎት መጽሐፍም፣ ለአዲስ ቋንቋም ይሠራል።