በርጩማው ስንት ዓመቱ ነው?

ለንደን የዲዛይን ታሪክ እማራለሁ ስል ጅማ ያሉ ዘመዶቼ በጨዋ ደንብ ዝም ይላሉ። ደፍራ "የወንበር ታሪክ ተምረህ ምን ልትሆን ነው?" ያለችኝ አክስቴ ብቻ ናት። ብዙ ለፋሁ። ዞሮ ዞሮ "ዕቃን አይቶ ዕድሜውን ማወቅ ነው" አልኳት። "እሱማ እኔም አውቃለሁ" አለችና ሳሎኑን በጣቷ ዞረችው። "ቡፌው የደርግ ነው፣ ያ ወንበር የጃንሆይ ነው።"

ቀልድ ቢመስልም ደህና ዘዴ ነው። እንግሊዞችም ዕቃቸውን በንጉሥ ነው የሚቆጥሩት። "ጆርጂያን" የሚሉት ወንበር ስሙን ያገኘው ከ1714 እስከ 1830 ተከታትለው ከነገሡት አራት ጆርጆች ነው። ፈረንሳዮችም "ሉዊ 15ኛ" ይላሉ። ልዩነቱ የእነሱ በካታሎግ ታትሞ ጨረታ ላይ መቅረቡ ነው። የአክስቴ ሳሎን ውስጥ ቀርቷል። ጅማ ደግሞ እንዲህ ያለ አቆጣጠር ሞልቷል። ፈረንጅ አራዳ አንድ አሮጌ ሕንፃ አይታችሁ ብትጠይቁ "በጣሊያን ጊዜ ነው" ትባላላችሁ። ጅሬን ስትወጡ የእንጨቱ ቤተ መንግሥት "የአባ ጅፋር" ነው፣ አለቀ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ስለገዙ "በአባ ጅፋር ጊዜ" ማለት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ነው። ሰፊ ነው ካላችሁ እንግሊዞቹ በንግሥት ቪክቶሪያ ስም "ቪክቶሪያን" የሚሉት ዘመን ከ60 ዓመት ይበልጣል።

ውጭ አገር ዓመት ሲጠራ የማን ዓመት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በፈረንጆቹ 2018 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎችን ሲያሳይ የኤግዚቢሽኑ ስም "መቅደላ 1868" ነበር። ለእኛ መቅደላ 1860 ነው። ይህን አብራኝ ለምትማር ልጅ ብነግራት "ስምንት ዓመት ወደኋላ ቀርታችኋል ማለት ነው?" አለችኝ። ከማን ነው የቀረነው? ደግሞ እዚያ የታዩት ዘውድና ጽዋ የተሠሩት ከዚያ መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ርዕስ የሆነው የተዘረፉበት ዓመት ነው።

እነሱ ራሳቸው በአንድ ሰዓት ከተስማሙ ብዙም አልቆዩም። ብሪስቶል ከተማ፣ በድሮው የእህል ገበያ ሕንፃ ላይ፣ ሁለት የደቂቃ ቆጣሪ ያለው ሰዓት አለ። አንዱ የብሪስቶልን፣ ሌላው የለንደንን ደቂቃ ያሳያል። ብሪስቶል በስተ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ 10 ደቂቃ ያህል ትዘገይባታለች። ባቡር በለንደን ሰዓት መሄድ ሲጀምር ሁለተኛው ቆጣሪ ተጨመረ። ከተማዋ በይፋ ለለንደን ሰዓት እጅ የሰጠችው በ1852 ነው። እኛ ሁለተኛውን ቆጣሪ የገጠምነው ጭንቅላታችን ውስጥ ነው። ጅማ መናኸሪያ አውቶቡሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሳል፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ላይ ያው ሰዓት 06:00 ተብሎ ይጻፋል። የአገሩ ሰው ግራ አይገባውም። አውቶቡስ የሚያመልጠው ዳያስፖራው ነው።

ወደ በርጩማው ልምጣ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ባለ ሦስት እግር፣ ሚስማርም ኮላም የማያውቅ ዕቃ ነው። ሦስት እግር የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም። ባለ አራቱ ወለሉ ትንሽ ካበጠ ይንገዳገዳል፣ ባለ ሦስቱ የትም ይቆማል። ለአፈር ወለል ከዚህ የተሻለ መላ የለም። እንዲህ ያለ ዕቃ ውጭ አገር ሙዚየም ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፍበት ጽሑፍ አጭር ነው፦ የአገሩ ስም፣ "20ኛው ክፍለ ዘመን"፣ "ሠሪው ያልታወቀ"። መቶ ዓመት ሙሉ በአንድ መስመር! የአውሮፓው ወንበር ግን ዓመቱም ባለቤቱም ተለይቶ ይጻፋል። አገር ቤትም ከዚህ አንሻልም። "ባህላዊ" ብለን እንገላገላለን። ከዚያ ወዲያ ማን ሠራው፣ መቼ ተቀየረ የሚል የለም። ከአዳም ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለናል።

መንገድ ዳር የሚሠሩ አንድ ባለሙያ ጋ ቁጭ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ይሄ የመቼ ነው?"

"የሮብ ነው" አሉኝ፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈጉን ሳያቆሙ።

"አይ፣ አሠራሩን ማለቴ ነው።"

ያኔ ቀና አሉ። ሦስት በርጩማ አምጥተው ፊቴ ደረደሩ። አንደኛው ትልቅ ነው፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ፣ ድሮም ቤታችን የነበረው ዓይነት። ሁለተኛው በየእግሩ ሥር ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ክብ ተለጥፎበታል፣ ቤታቸውን ሴራሚክ ያስነጠፉ ሰዎች "ወለል ይቧጭራል" ብለው ስላስቸገሯቸው። ሦስተኛው ትንሽ ነው። እግሮቹ አጠር፣ ወፈር ብለዋል።

"ይሄ የእናንተ ነው።"

"የእኛ?"

"የዳያስፖራ። ሻንጣ ይገባል። የረጅሙ እግር መንገድ ላይ ተሰበረ እያሉ ሲወቅሱኝ አሳጠርኩት።"

እዚያው ቶኔት ትዝ አለኝ። የቪየናው ወንበር ሠሪ ሚካኤል ቶኔት በ1859 ያወጣው 14 ቁጥር ወንበር የዲዛይን ታሪክ የሚማር ሁሉ የሚያውቀው ነው። 6 እንጨት፣ 10 ብሎን፣ 2 ዳዶ፣ በቃ። ተፈታትቶ 36 ወንበር አንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ውስጥ ይገባ ነበር። መምህራን ስለዚህ ሲያወሩ ድምፃቸው ሁሉ ይለወጣል። ዕቃው ለጭነት ተብሎ ተቀየረ፣ ዘመናዊ ዲዛይን ከዚህ ጀመረ እያሉ። ፋብሪካና መንደር አንድ አይደሉም፣ ይገባኛል። ግን የቪየናውን ወንበር ሳጥን ከወሰነው፣ የጅማውን በርጩማ የ23 ኪሎ ሻንጣ ወስኖታል። ያኛው በየመጽሐፉ አለ። ይኼኛው ዓይናችን እያየ ተለውጦ "ምንም ያልተለወጠ ባህል" ተብሎ በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሄዳል።

"ታዲያ ከሥሩ ስምዎንና ዓመቱን ቢጽፉበትስ?" አልኳቸው።

ሳቁብኝ። "ዓመት ከጻፍኩበት ጥንታዊ ነው ብሎ ማን ይገዛኛል? ፈረንጁም እናንተም የምትፈልጉት ያረጀ ነው። አዲስ ነው ካልኩ ዋጋ ይወርዳል። ጭስ ላይ ስቀልልኝ የሚልም አለ።"

እውነታቸውን ነው። ለንደን ስንት ሐበሻ ቤት "ይሄ እኮ በጣም የድሮ ነው" እየተባለ የተከበረ በርጩማ አይቻለሁ። ቫርኒሹ ገና የሚሸት ነበር። ለሙዚየሙ "ያልታወቀ" የምናቀብለው እኛው ገዢዎቹ ነን፣ የሠሪውን ስም ሳንጠይቅ ዋጋ ብቻ ተከራክረን እየሄድን። ይህንኑ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡበት።

"ስሜንማ እጽፋለሁ፣ ስልኬንም እጨምርበታለሁ፣ ደንበኛ ያመጣልኛል" አሉ። "ዓመቱን ግን ከፍለህ ስታበቃ አንተው ጻፍ።"