«የለም» ያልነውም እኛ፣ «ሞልቷል» ያልነውም እኛ

የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ፣ የኮዬ ፈጬም፣ የገላንም ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይላችሁም። ለእኔም ቀላል አይደለም፤ ከምወቅሳቸው ሰዎች አንዱ ራሴ ነኝና።

ክረምቱ ሲወጣ ከብሎካችን ጀርባ ያለውን ቦይ የሚጠርጉ ልጆች ሰባት ሲሪንጅ አገኙ። የኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ ላይ «ሰባት» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያው እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ለጥበቃ ተጨማሪ መዋጮ እንዲወጣ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩና ሰባቱ ሲሪንጅ በመጀመሪያው ተናጋሪ አፍ «ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ሃያ ልጆች» ሆኑ። ሦስተኛው ሲነሳ ሃምሳ ደረሱ። ስንበታተን «ሰፈሩ አልቋል» ተባለ፣ መዋጮውም ጸደቀ።

ወሩ ሳያልቅ ታብሌት የያዙ ሁለት የጥናት ሠራተኞች በር እያንኳኩ መጡ። በዚህ ቤት ዕፅ በመርፌ የሚወስድ ሰው እንዳለ፣ በቤቱ ባይኖርም የምናውቀው እንዳለ ይጠይቃሉ። ያ «ሃምሳ» ብሎ የጮኸው ጎረቤቴ በሩን ገርበብ አድርጎ «ኧረ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የተከበረ ሰፈር ነው» ሲላቸው ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማሁት። በልቤ ታዘብኩት።

ከዚያ የእኔ በር ተንኳኳ። እኔም «የለም» አልኩ። የእህቴ ልጅ ሳሎን ሶፋው ላይ በሁለት ብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ላብ አጥምቆት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተዉ፣ ወገኖቼ! «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይሉ ነበር አባቶች። እኛ በወሬው ላይ የምንጨምረው ዜሮ ሆኗል፤ መዋጮ ሲፈለግ ከቁጥሩ ኋላ እንደረድረዋለን፣ ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ዜሮውን ብቻውን እናስረክባለን።

እስቲ መላውን እንጨምር። ሰባት ሲሪንጅ ሰባት ሰው ማለት አይደለም። አንድ ልጅ በሁለት ቀን የጨረሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ወይም እያንዳንዷን መርፌ አራት አራት ልጆች ተቀባብለውባት ሃያ ስምንት ይሆናሉ፤ ክፉው ይሄኛው ነው። ስኳር ያለባቸው አዛውንት ኢንሱሊን ተወግተው የጣሉትም ይኖርበታል። ከብቱን ያስከተበ ገበሬም ከእኛ ብሎክ ብዙ አይርቅም። ዕቃ ቆጥሮ ሰው ቆጠርኩ ማለት ከበሩ ላይ ጫማ አይቶ የለቀስተኛውን ቁጥር እንደ መናገር ነው።

በዚህ ነገር የሚቸገረው የእኛ ኮሚቴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በዓለም ዙሪያ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱትን ሰዎች 15.6 ሚሊዮን ብሎ ገመተ፤ ግን አጠገቡ «ከ10.2 እስከ 23.7 ሚሊዮን» ብሎ ጻፈበት። በታችኛውና በላይኛው መካከል ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው አለ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል መከላከያ ጽሕፈት ቤት ደግሞ በ2023 ሪፖርቱ 13.2 ሚሊዮን አለ፤ ቀድሞ ከነበረው ግምት በ18 በመቶ ይበልጣል። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ዓመት መርፌ ጨብጦ አይደለም፤ በአብዛኛው ከተለያዩ አገሮች አዲስ ግምት ስለተጨመረ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ከቁጥራቸው ጎን ጥርጣሬያቸውን ይጽፋሉ። እኛ ብቻ ነን እንደ ሎተሪ ቁጥር አስረግጠን የምንናገረው።

ለምን ይከብዳል ብላችሁ ጠይቁ። በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ዕፅ መነገድ ብቻ ሳይሆን መጠቀምም ያስቀጣል። የሚያስቀጣውን ነገር በሩ ላይ ለመጣ እንግዳ ማን ይናገራል? ድልድይ ሥር የሚያድረው በር የለውም፣ እስር ቤት ያለውም እንደዚያው። ደግሞስ ከስንት ሰው ውስጥ ስንት ሊባል ነው? የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1999 ተካሂዶ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ተቆጠረላት፤ ያኔ እኔና እናንተ ዛሬ የምናድርበት ቦታ እርሻ ነበር።

ባለሙያዎቹ በዚህ ምክንያት በር ማንኳኳቱን ብቻ አያምኑትም፤ ሌላ ዘዴ አላቸው። ይህችን ቀስ ብላችሁ ስሙኝ፣ ጥፋታችን የተደበቀው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ይውሉበታል የተባለ ቦታ ሁሉ እየዞሩ፣ ለምሳሌ 200 ቢጫ የቁልፍ መያዣ ያድላሉ። ሁለት ሳምንት ቆይተው በሌላ መንገድ 100 ልጆች አግኝተው «ቢጫ ቁልፍ መያዣ ደርሶህ ነበር?» ይላሉ። ሃያዎቹ «አዎ» ካሉ ከአምስት ለአንዱ ደርሶታል ማለት ነው። ስለዚህ 200ው የጠቅላላው አንድ አምስተኛ ይሆንና ጠቅላላው 1,000 ነው ይባላል። ስሌቱ እረኛም የሚችለው ነው። የሚሠራው ግን በሁለቱ ሳምንታት መካከል ልጆቹ እዚያው ከቆዩ ብቻ ነው።

እኛስ ምን አደረግን? ባለፈው ዓመት ወጣቶች አስተባብረን ድልድዩ ሥር የነበረውን የላስቲክ መጠለያ አፈረስን። ኬክ ተቆረሰ (እውነቴን ነው፣ ኬክ ተቆረሰ)። እንዲህ ያለው ማባረር በዚያ ሁለት ሳምንት መካከል ቢወድቅ ምን እንደሚፈጠር ተመልከቱ። ቁልፍ መያዣ የተቀበሉት ወደ ቃሊቲ፣ ወደ ሰበታ ይበተናሉ፤ በቦታቸው ሌሎች ይመጣሉ። ጠያቂዎቹ ተመልሰው ከ100ው ውስጥ «አዎ» የሚል አምስት ብቻ ያገኛሉ። ያው 200 አሁን አንድ ሃያኛ ሆነ፤ ጠቅላላው 4,000 ተብሎ ይጻፋል። አባረን ያሳነስናቸው መስሎን ሳለ በወረቀት ላይ አራት እጥፍ አድርገናቸው እናርፋለን። አንዱ ልጅ እዚህ «ሳሚ» እዚያ «ቢኒ» ብሎ ሲመዘገብም ያው ነው፤ የስም ዝርዝር ከስም ዝርዝር እያመሳከረ የሚገምተውን ሰው ያሳስተዋል፣ አንዱ ልጅ ሁለት ሆኖ ይታየዋልና። ስሙን የሚለውጠው ግን ስለሚፈራን ነው።

ግምቱ ወደ ታች የሚወድቅበትም መንገድ አለ። ድልድይ ሥር የማይውል፣ ማንም ዝርዝር ላይ የሌለ፣ ቤተሰቡ ጓዳ ዘግቶ የሚያስታምመው ልጅ በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ዙር አይገኝም። የእህቴ ልጅ እንዲህ ነው። ለቁጥሩ አልተፈጠረም። ያላስፈጠርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዳግላስ ሄካቶርን የተባለ አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ የተደበቁ ሰዎችን ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ዘዴም አለ፤ ልጁ ራሱ ጥቂት ኩፖን ይዞ ጓደኞቹን ይጋብዛል፣ እነሱም የየራሳቸውን ጓደኞች። ሰንሰለቱ የሚቀጠለው በመተማመን ነው። ኩፖን የያዘ ልጅ ብቅ ሲል ጥበቃው ስልክ ካነሳ እዚያው ይበጠሳል።

እናንተ በዕድሜ የገፋችሁ ደግሞ ይህን ድብብቆሽ ታውቁታላችሁ። በኤች አይ ቪው ዘመን ዕድር ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን «ሳንባ ነው»፣ «ምች መትቶት ነው» እየተባባልን ስንት ጎልማሳ ሸኘን? ሕያዋኑ ቤት ውስጥ ስለተደበቁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ1993 ወደ መካነ መቃብሮቹ ሄደው ቀብር መመዝገብ ጀመሩ። እዚያም የምንናገረው «ሳንባ» እና «ምች» ነበር፤ ይሁንና በጎልማሳ ዕድሜ የሚቀበረው ሰው ብዛት ነገሩን አጋለጠ። በ1997 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ሞቱ መቀነሱ የታየውም በዚያው የቀብር መዝገብ ነው። መዝገቡ እኔ የማውቃቸውን ሰዎች ይዟል፤ እናንተም የምታውቋቸውን። አሁንም መቃብር በር ላይ እስኪቆጠሩልን ልንጠብቅ ነው?

ቁጥሩ ምን ያደርጋል የሚል አለ። ዕፅ በመርፌ ከሚወስዱት መካከል በዓለም ደረጃ ከስምንቱ አንዱ ገደማ ኤች አይ ቪ በደሙ አለ፣ ግማሽ ያህሉ ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት በሽታ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለእያንዳንዳቸው በዓመት 300 ንጹሕ መርፌ እንዲደርስ ግብ አስቀምጧል። 300ን በስንት እናባዛ? በሃምሳ? በዜሮ? «መርፌ ማደልማ ማባለግ ነው» ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም ሳሎኔ ውስጥ ያንን ልጅ እስካይ ድረስ እንደዚያ እል ነበር። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሙሂምቢሊ ሆስፒታል ሜታዶን ትሰጣለች፤ ለሄሮይን ሱስ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። እሱም ቢሆን የሚታዘዘው በሰው ቁጥር ልክ ነው።

እናም ወገኖቼ፣ ስብሰባ ላይ ስትነሱ ያያችሁትን ተናገሩ፤ ያላያችሁትን ዋጡት። ታብሌት ይዛ የምትመጣውን ልጅ እንደ ሰላይ አትዩአት። ዕፅ የሚወስደውን ልጅ ስም አትጠይቃችሁም፣ ብትጠይቅም አትስጡ፤ መኖሩን ግን አትካዱ። ድልድዩን ደግሞ እባካችሁ አትንኩት።

በመጪው እሑድ ስብሰባ አለን፤ አጀንዳው ተራ ቁጥር 2 ላይ «የቦዩ ጉዳይ» ይላል። «ሃምሳ» የሚል ካለ «የት አየሃቸው? መቼ?» ብዬ ጠይቄ መልሱን ከነስሙ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፍራለሁ። ከእኔ ቤት አንድ ይመዝገብ። ዕድሜው 24 ነው። እንድናገር እናቱም ፈቅዳለች፣ እሱም ፈቅዷል።