«የኮሶ መሰል ትል እንቁላል ታይቷል» ብሎ ማቆም አይበቃም

ባለቤት የሌላቸው ውሾች ዓይነ ምድር ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚል መስመር እናገኛለን፦ «የኮሶ መሰል ትል እንቁላል ታይቷል»። ከዚያ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ መስመር ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ዓይነ ምድሩ ጨው በጠገበ ውሃ ይበጠበጣል፤ እንቁላሎቹ ይንሳፈፉና በስስ መስታወት ተነሥተው ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባሉ። የሚታየው ቡናማ፣ ክብ ነገር ነው፤ ወፍራም ቅርፊቱ ዙሪያውን በቀጫጭን ሰረዞች የተሞላ፣ ስፋቱም ከ30 እስከ 40 ማይክሮሜትር ገደማ። ውሻው ጥንቸል በልቶ የያዘውና ሰውን የማያሰጋ ትል እንቁላል ሊሆን ይችላል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሠርቶ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ የሚያድገው ኢኪኖኮከስም ሊሆን ይችላል። የቱንም ያህል የሠለጠነ ዓይን ሁለቱን በመልካቸው አይለይም።

የሚለያቸው ዘረመላቸው ነው። ፒሲአር የተመረጠ የዲኤንኤ ቁራጭ ያባዛል፤ ቅደም ተከተሉ ሲነበብ ትሉ በስሙ ይታወቃል። በመንጠቆ ትልም እንዲሁ ነው፦ አንሲሎስቶማ ሴይላኒከም የተባለው በሰው አንጀት ውስጥ አድጎ ደም ይመጥጣል፤ የቅርብ ዘመዱ አንሲሎስቶማ ካኒነም ግን በዋናነት የውሻ ነው። ጃርዲያ የተባለው ተቅማጥ አምጪ ጥገኛ ሲገኝ ደግሞ ውሻውን ለመወንጀል እንቸኩላለን። ሲ እና ዲ የተባሉት የጃርዲያ ምድቦች በአብዛኛው እዚያው ውሻው ላይ ይቀራሉ፤ ሰውን የሚይዙት ኤ እና ቢ ናቸው። ሳይለዩ መፍረድ ለእንስሳውም ለሕዝቡም በደል ነው።

ወጪው ይከብዳል የሚሉ ባለሙያዎች እውነት አላቸው። ዓይነ ምድር ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችም ፒሲአሩን ያሰናክላሉ። ስለዚህ ሁሉም ናሙና ይላክ አልልም። ማይክሮስኮፑ ያበጥር፤ የኮሶ መሰልና የመንጠቆ ትል እንቁላል የተገኘበት ብቻ ወደ ዘረመል ምርመራ ይለፍ። ኢኪኖኮከስ ከሆነ ሥራው ይለወጣል፦ ለውሾቹ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በየስድስት ሳምንቱ ገደማ መስጠት፣ የታረደ ከብት ጉበትና ሳንባም ለውሻ እንዳይጣል መቆጣጠር ያስፈልጋል።

ናሙና ሰብሳቢዎችን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ሁሉንም ፎርማሊን ውስጥ አትንከሩት፤ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሻል። ግማሹን ኢታኖል (አልኮል) ውስጥ አኑሩት። ኢታኖል ግን የኢኪኖኮከስን እንቁላል ይገድላል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከመክፈታችሁ በፊት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ለቀናት ይቀዝቅዝ።