እርማት፦ ኤን 52 ማግኔት ሙቀት አይችልም

«ኤን 52 ቁጥሩ ስለሚበልጥ ሙቀትንም ከኤን 42 ኤስኤች የተሻለ ይችላል፤ ለሞተር እሱን ግዙ» የሚል ምክር ስለ ኒዮዲሚየም ማግኔት (ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን ቅይጥ የሚሠራ ኃይለኛ ማግኔት) ደረጃዎች እየተደጋገመ ነው። ምክሩ ከቅን ልብ ቢሆንም ሞተር ያበላሻል።

ቁጥሩ የሚናገረው ማግኔቱ በክፍል ሙቀት ስላለው ጉልበት ብቻ ነው። የሙቀቱን ልክ የሚያሳዩት ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉት ፊደላት ናቸው፦ ፊደል ከሌለው ቢበዛ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ኤች ከሆነ 120፣ ኤስኤች ከሆነ 150። ቀጭን ማግኔት ከዚህም ባነሰ ሙቀት ሊዳከም ይችላል። እንዲያውም ጉልበትና ሙቀት መቻል ይሻማሉ። ሙቀት እንዲችል ቅይጡ ላይ ዲስፕሮሲየም የተባለ ብረታ ብረት ሲጨመር፣ የዲስፕሮሲየም አተሞች ማግኔታዊ አቅጣጫቸው ቅይጡ ውስጥ ካለው ብረት (አይረን) ተቃራኒ ስለሚሆን ጉልበቱ ይቀንሳል።

120 ዲግሪ የሚደርስ ሞተር ውስጥ የገባ ኤን 52 ከቀዘቀዘ በኋላም ያጣው ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሞተሩ ለዚያው ሥራ ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ ማግኔቱም ይብስ ይዳከማል።

ለማረጋገጥ የማግኔቱን መሃል በጋውስ መለኪያ (የማግኔት ጉልበት በሚለካ መሣሪያ) ለኩ፤ ሞተሩ በሚደርስበት ሙቀት ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩት፤ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ እዚያው ነጥብ ላይ ድገሙት። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ሻጩን በ120 ዲግሪ የተለካውን የማግኔት መዳከም ግራፍ ጠይቁ።